ማር የላሰች ልጅ

በየነችን ጎረቤቴ ብቻ ብያት ባልፍ እግዜር ይታዘበኛል። ሚዛን ተፈሪ ላይ ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ኖረናል። እሷና ባሏ ሕዝቅያስ ልጅ አልወለዱም። ያልጠጡት ጸበል፣ ያልደረሱበት ሐኪም አልነበረም። ቴፒ ቡና ስትለቅም የነበረች አንዲት ሴት በወሊድ ሞታ ጨቅላዋ ያለ ሰው ስትቀር፣ ሕዝቅያስ ሄዶ በጋቢ ጠቅልሎ አመጣት። ራሔል አሏት።

በአባቶቻችን ደንብ ሽማግሌ ተሰበሰበ። ሕዝቅያስ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አላሳትና “ከዛሬ ጀምሮ የአብራኬ ክፋይ ናት” አለ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ጋሽ ወልደጻድቅ ደግሞ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ረገሙ። “ልጃቸው አይደለችም ያለ፣ የዘራው አይብቀል፣ የወለደው አይደግ!” አሜን አልን።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ አፍ ሁሉ በዚህች ልጅ ነገር ተለጎመ። የእኔ እንኳን፤ እኔ ደግሞ ገበያ ላይ ከኮረሪማዬ ጋር ወሬ ምርቃት የምጨምር ሴት ነኝ።

ራሔል አምስት ዓመት ሲሆናት ሕዝቅያስ ተሰደደ። ተንከራትቶ አውሮፓ ገባ፤ የአገሩ ስም እስከ ዛሬ ለአፌ አልተመቸኝም። በ2006 መኖሪያ ፈቃድ ሲያገኝ “ሚስቴና ልጄ ይምጡልኝ” ብሎ አመለከተ። በየነች እልልታዋን አቀለጠችው። ለኤምባሲው ቀጠሮ ምን እንደሚያስፈልግ ልንጠይቅ ጠበቃው ከፈለኝ ጋ አብረን ሄድን።

“ሁለት መንገድ ነው ያለው” አላት። “ወልጃታለሁ ካሉ የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠይቁዎት ይችላሉ። ጉዲፈቻ ናት ካሉ ደግሞ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይፈልጋሉ። ውሳኔውን እኔ አስወጣለሁ፤ ያኔ የነበሩት ሽማግሌዎች ቀርበው ይመስክሩልን እንጂ።”

“ማሩስ?” አለችው።

“ማሩን ኤምባሲ አያውቀውም፣ እትዬ በየነች።”

ጋሽ ወልደጻድቅን ደጃቸው ላይ ቡና ሲያሰጡ አገኘናቸው። ገና ሳንጨርስ እጃቸውን አወናጨፉ። “አልወለዷትም ብዬ በገዛ አፌ የረገምኩትን በገዛ አፌ ልብላ? የልጅ ልጆች አሉኝ!”

“ጋሽዬ፣ ልጅቷ አባቷ ጋ እንድትሄድ ብለን ነው” አልኳቸው።

“አባቷ ጋ ካላችሁማ ልጁ ናት። ሌላ ምን ምስክር ያሻል?”

ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ በጢማቸው ይዤ ፍርድ ቤት እጎትታቸው ነበር። የቀሩት ሽማግሌዎችም መልስ ያው ሆነ። እኔ ልመስክር ብል ከፈለኝ “ልጅቷን የሰጡት ሽማግሌዎች ናቸው የሚፈለጉት” አለኝ። በየነች ከመንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰችና “ወልጃታለሁ እላለሁ። ውሸት ነው እንዴ?” አለችኝ።

“አይደለም” አልኳት። አይደለምም።

አዲስ አበባ አብሬያቸው ሄድኩ። እኔን ዘበኛው ከኤምባሲው በር መለሰኝ፤ ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ጠያቂዋ ሴት በየነች ወልጃታለሁ ያለችውን ጻፈችና በትሕትና “እንግዲያው ከሁለታችሁም አፍ በጥጥ ምራቅ ይወሰዳል” አለች። ራሔል ጨዋታ መስሏት ወዲያው አፏን ከፈተች።

በየነች የልጅቷን አፍ በመዳፏ ከደነችው። “ያ ጥጥ ማሩን ጠርጎ የሚወስደው መሰለኝ” አለችኝ በኋላ። ያኔ ግን “ተዉአት! አልወለድኳትም። ግን ልጄ ናት!” ብላ ጮኸች።

የፍርድ ቤት ውሳኔ ተጠየቀች፤ የላትም። ያ ሁሉ አፍ ስምንት ዓመት የጠበቀውን ነገር ራሔል ከእናቷ አንደበት ሰማችው። በአውቶቡስ ተመለስን። ጅማን ስናልፍ “አባዬም አልወለደኝም?” አለች። በየነች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እኔ ወሬኛዋ ስለ ኮረሪማ ዋጋ ማውራት ጀመርኩ።

ነገሩ ሲሰማ ጋሽ ወልደጻድቅ በገዛ እግራቸው መጡ። “አሁንማ እናቷ ራሷ አወጣችው። እመሰክራለሁ” አሉ። ከፈለኝ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዴ ወልጃለሁ አንዴ አልወለድኩም ያለ ሰው ቃሉ አይታመንም አለ።

መልሱ ከወር በኋላ በስልክ መጣ። ሕዝቅያስ እያለቀሰ ነበርና ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ለበየነች ተፈቅዷል፤ ለራሔል ተከልክሏል።

“ያለ እሷ አልሄድም” አለች በየነች።

“እስከ መቼ?” አላት። በየነች ስልኩን ዘጋችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

ራሔል ጥግ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ወደ እንስራው ሄደች፤ ጣሳውን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

“እትዬ በየነች፣ ውሃ ልጠጣ?” አለች።

በዚያ ቤት ውሃ ለመጠጣት ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም።