የኢርሻድ የመጨረሻ ቀረጻ

ካሜራማኑ ኢርሻድ ለሙሽሮች ቪዲዮ የሚሆን ቦታ ሊመርጥ ሶር ፏፏቴ ሄዶ ውሃ ወሰደው። አብሮት የነበረው የሥራ ባልደረባው አባስ ብቻ ነው። «አንሸራተተው፤ ዞር ስል የለም» አለ ለፖሊስም ለቤተሰብም። ካሜራውን ይዞ ወደ መቱ ቢመለስም፣ ሜሞሪው ውሃ ገብቶበት ተበላሽቷል አለ።

ሁለቱ በሚሠሩበት ስቱዲዮ ቀረጻ ሁሉ የሚቀመጠው ኮምፒውተሮቹ በጋራ በሚጠቀሙበት ማከማቻ ላይ ነው። ማን ምን መክፈት እንደሚችል የምታስተካክለው ሲሃም ነበረች። አስከሬኑ ተገኝቶ ከተቀበረ በኋላ የኢርሻድ እናት እትዬ ዘህራ መጡ።

«ልጄ፣ እሱ ያለበት ነገር ካለ ስጪኝ» አሏት። «ምንም ይሁን ምን።»

ሲሃም ሥራዎቹን ስትሰበስብ እሱ በሞተበት ቀን የተጫነ ፎልደር አገኘች። ልትከፍተው ስትል ኮምፒውተሩ ፈቃድ የለሽም አላት። የፎልደሩ ባለቤት አባስ ነው፤ ከእሱ በቀር ማንም እንዳያየው ዘግቶታል። ሌላ እንዲህ የተዘጋ ፎልደር አልነበረም። ባለቤትነቱን ወደ ራሷ አዛውራ ከፈተችው።

ካሜራው በትራይፖድ ላይ ቆሞ እየቀረጸ ነበር። ኢርሻድ ወደ ውሃው ሲጠጋ ተንሸራተተ፤ ድንጋይ ይዞ ተንጠለጠለ። «አባስ! እጅህን!» አባስ ትንሽ ቀረበና ቆመ። ኢርሻድ ደጋግሞ ጠራው። አባስ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ድንጋዩ ብቻውን ቀረ።

ሲሃም አባስን ጠርታ አሳየችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ፈራሁ» አለ። «ብይዘው ይዞኝ የሚሄድ መሰለኝ። እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አላጠፋኸውም?»

«ላጠፋው ነበር። የኢርሻድ የመጨረሻ ምስል እሱ ሆነብኝ።» ከዚያ እጇን ያዘ። «ማሎ ሲሃም፣ እባክሽ፣ እናቱ አይዩት።»

እትዬ ዘህራ አባስ እዚያው እያለ ሲመለሱ ሲሃም መጀመሪያ የድሮ ቀረጻዎችን ሰጠቻቸው። ወደ በሩ ሲያመሩ ግን አላስቻላትም።

«ሌላም አለ፣ እትዬ። የሞተበት ቀን ነው። ከባድ ነው። ካልፈለጉ ማንም አያየውም።»

ተመልሰው ተቀመጡ። «ክፈችው።»

እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ ጥጉ ላይ ወደ ቆመው አባስ ዞሩ።

«ወዲያው ሄደ ብለኸኝ ነበር። አልተሰቃየም እያልኩ ነበር የምጽናናው።»

አባስ አቀርቅሮ ወጣ።

እትዬ ዘህራ አመልክተው ፖሊስ ቪዲዮውን አይቶ አባስን ጠየቀውና ለቀቀው፤ ኢርሻድን የገፋው እሱ አይደለምና። ሰው ግን ሰላምታ ነሳው። ወደ ኖፓ ወረዳ ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ መቱ ያየው የለም።

እትዬ ዘህራ ፎልደሩ በእሳቸው ስም እንዲሆን፣ ሌላ ማንም እንዳይከፍተው ጠየቁ። ሲሃም እንዳሉት አደረገች። አሁን በገበያ ቀን ሊያዩት በባጃጅ ይመጣሉ። ኮምፒውተሩን ትከፍትላቸውና በሩን ዘግታ ውጭ ትቆማለች። ሲወጡ ቀና ብለው አያዩዋትም።