የማን ጣት?

ጸሐፊ ነኝ። ይህን ስል የሚስቁ ሰዎች በዚህች የባሕር ጠረፍ ከተማችን ውስጥ ቢያንስ አርባ ይሆናሉ፤ ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ። ኔስቶሪዮ እባላለሁ። ትራይስክል ተራው ላይ ማኖንግ ቶርዮ ይሉኛል፤ ታላቅ ወንድሜ እንደ ማለት ነው፣ ግን አጠራራቸው ውስጥ ታላቅነቱ አይሰማም። ትራይስክል እነዳለሁ፤ ጎኑ ላይ የተሳፋሪ ጋሪ የተገጠመለት ሞተር ብስክሌት ነው። ሞተሩ የኔ ነው፣ የጎን ጋሪው የኔ ነው፣ ዝገቱም የኔ ነው። ከአንዱ ተሳፋሪ እስከ ሌላው ባለው ጊዜ ጋሪው ውስጥ እግሬን አጣጥፌ ቁጭ እልና በስልኬ እጽፋለሁ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ሥራ ያወጣሉ፤ ስለዚህ ዕቃ አምስት መቶ ቃል ጻፍልኝ ይላሉ፣ እጽፋለሁ፣ ይከፍላሉ። ስለ ድመት ሻምፖ ጽፌያለሁ። ስለ መላጣ መድኃኒት ጽፌያለሁ። ድመት የለኝም፣ ፀጉሬም ሙሉ ነው።

እንግሊዝኛውን ከየት አመጣኸው የሚሉኝ አሉ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት እናቴ ደረቅ ዓሣ ከምትጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ዛሬም ስለ ምርጫ ሳነብ ዓሣ ዓሣ የሚሸተኝ። ያቋረጥኩት ደግሞ በማም ክሪስፒና ምክንያት ነው። እንግሊዝኛና ባልትና ታስተምረን ነበር። አንድ ቀን ድርሰቴን ክፍል ፊት አነበበችና፣ «ልጆች፣ የእርሻ ጎሽ ብዕር ሲይዝ ይህን ይመስላል» አለች፤ እኛ አገር እንደ በሬ የሚያርሰው ጎሽ ነው። አርባ ሁለት ተማሪ ሳቀ። በሳምንቱ ትምህርት ቤቱን ለቅቄ ወጣሁ። ያን ሰሞን አባትህ ጀርባውን ታሞ ለጀልባው ሰው አስፈልጎ ነው የሚሉ አሉ። እሱም አለ፤ እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ስወጣ ከጠረጴዛዋ ላይ የእንጨት ማስመሪያዋን ይዤ ወጣሁ።

ይኸው ሃያ ሰባት ዓመቱ። ዛሬ ቤንዚን የምለካው በዚያ ማስመሪያ ነው። የሞተሬ የነዳጅ ቆጣሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ክዳኑን ከፍቼ ማስመሪያውን እነክራለሁ፣ እርጥቡ የት እንደደረሰ አያለሁ፣ በቃ።

ማም ክሪስፒና ጡረታ ወጥታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቻዋን ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ትራይስክል ተራው ላይ ትመጣለች። ተራው የኔ ከሆነ ጎማዬ ይተነፍሳል፤ ወይም ሽንቴ ይመጣል። ከኋላዬ ያለው ይጭናታል። መንዳት ከጀመርኩ ሃያ ዓመቴ ነው፣ አንድ ቀን ጭኛት አላውቅም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለፈው ወር በረዶ ላይ ለመንዳት ስለሚገጠም ጎማ ጻፍ ተባልኩ። እኔ በረዶ የማውቀው ተፈጭቶ ከባቄላና ከወተት ጋር በብርጭቆ ሲቀርብ ነው። እኛ አሸዋ ላይ እንደምናደርገው «ጎማውን ትንሽ አስተንፍሱት» ብዬ ጻፍኩ። ሰውዬው አንድ ኮከብ ሰጠኝ። ከአምስት አንድ! ወዲያው ከድረ ገጹ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ የሚቀጥለው ሥራዬ ከአራት ኮከብ በታች ካገኘ አካውንቴ ለዘለዓለም ይዘጋል። ለሚስቴ ለሊሲንግ ነገሩን አስረዳኋት።

«ከተዘጋ ምን ትሆናለህ?» አለችኝ።

«ምን እሆናለሁ፣ ትራይስክል ነጂ ነዋ!»

«አሁንስ ምንድነህ?»

ከሷ ጋር መነጋገር እንዲህ ነው። እኔ ግን ገባኝ። ከተዘጋ አርባዎቹ ሰዎች ልክ ነበሩ ማለት ነው። አርባ ሁለቱም።

ረቡዕ ዕለት ኢንግሪድ መጣች፤ በስልኬ ማለቴ ነው። ብርድ አገር ውስጥ የብረት ድስት ትሸጣለች። ድስቱ ሳጥን ውስጥ የምትከተው አንድ ገጽ ወረቀት ፈለገች፤ ሩዝ በተራ ድስት፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ እንዴት እንደሚቀቀል የሚናገር። ሳነበው ብድግ ብዬ ጭንቅላቴን ከጋሪው ጣሪያ ጋር አጋጨሁት። በመጨረሻ የማውቀው ነገር መጣ! ሐሙስን ሙሉ ጻፍኩ። ማጠቡን ጻፍኩ፣ እሳቱን ጻፍኩ፣ ክዳኑን በየደቂቃው እየከፈቱ ማየት ነውር መሆኑን ጻፍኩ። ስለ ውሃው ደግሞ፣ ጣትህን ሩዙ ላይ አቁመህ ውሃው የመጀመሪያው አንጓ ላይ ሲደርስ በቃ አልኩ። መጨረሻው ላይ ይህቺን ጨመርኩባት፤ «ውሃው ከበዛ ገንፎ ይሆናል፣ ካነሰ ጠጠር ይሆናል፣ ልክ ከሆነ ደግሞ ማንም አያመሰግንህም።» ላክሁት።

ዓርብ ጠዋት መልሱ መጣ። «ውድ ኔስቶሪዮ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል። አንድ ጥያቄ ብቻ። የማን ጣት? ባለቤቴ ሁለት ሜትር ነው፤ እናቴ ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ ታክላለች። እባክህ በትክክለኛ ልክ ግለጸው፣ ለምሳሌ በኩባያ። እስከ ሰኞ።»

ስልኩን ይዤ ወደ ዳጉል ሄድኩ። ዳጉል ተራ አስከባሪያችን ነው፤ ሆዱ ከወንበሩ ቀድሞ ይቀመጣል።

«ለሩዝ ስንት ኩባያ ውሃ ነው የምታደርገው?»

«ኩባያ?» አለ። «ማኖንግ፣ አሞሃል እንዴ? የመሀል ጣት ነዋ።»

«የመሀል ጣት?» አለ ከኋላው አንዱ ነጂ። «አንተ ሩዝ ትለካለህ ወይስ ድስቱን ትሳደባለህ? ሌባ ጣት ነው!»

«እኛ ቤት መዳፍ ነው» አለ ሌላው። «እጅህን ታጋድማለህ፣ ውሃው የእጅህን ጀርባ ሲሸፍን በቃ።»

«ለዚህ ነዋ እናንተ ቤት ሩዝ በስትሮ የሚጠጣው!»

ነገሩ ጋለ። ሁለት ተሳፋሪዎች ቆመው ጠበቁ፣ ከዚያ ራሳቸውም ገቡበት። እናት የተነሳበት ስድብ ተሰማ። ኩባያውን ግን የሚያውቅ አልተገኘም።

«ቆይ፣ ሴትዮዋ ጣት የላትም?» አለ ዳጉል።

«አላት።»

«ታዲያ የሷን አትጠቀምም? ደራሲው፣ ይህን ጻፍላት!»

ደራሲው ይሉኛል፣ ለማላገጥ።

ቤት ገብቼ ራሴ ሞከርኩ። በጣቴ ለክቼ፣ ውሃውን መልሼ በኩባያ ቆጠርኩት። ለሁለት ኩባያ ሩዝ ሦስት ኩባያ ውሃ ሆነ። ቀቀልኩ፤ ግሩም። ኢንግሪድ ለሁለት ሰውም ለስድስት ሰውም እንዲሆን ብላ ስለነበር ሁሉንም በሦስት አባዛሁት፤ ስድስት ሩዝ፣ ዘጠኝ ውሃ። ሊሲንግ ማንኪያዋን ሰክታ ለቀቀችው። ማንኪያው ቆመ።

«ይህ ሩዝ አይደለም» አለች። «ጫማህ ተገንጥሏል አላልከኝም? በዚህ ለጥፈው።»

አልገባኝም። ጣቴ ለትንሹም ለትልቁም አንድ ነው፤ ኩባያው ግን ለትንሹ እውነት ተናግሮ ለትልቁ ዋሸ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ስሟን ሳስብ ጥርሴን ነከስኩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ማም ክሪስፒና ዘንቢሏን አንጠልጥላ መጣች። ዳጉል አየኝ።

«ማኖንግ፣ ተራህ ደርሷል። ዛሬስ ጎማ ነው ሽንት?»

«ሁለቱም ደህና ናቸው» አልኩት። «ማም፣ ይግቡ።»

ተራው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሩዝ በስትሮ የሚጠጣው ሰውዬ እንኳ ዞሮ አየኝ።

ጥቂት እንደ ሄድን ከጋሪው ውስጥ ድምፅዋ መጣ። «ኔስቶሪዮ፣ ጎማው ተሠራ?»

«ተሠራ፣ ማም።»

«እሰይ። ሃያ ዓመት የሚተነፍስ ጎማ አይቼ አላውቅም።»

ጆሮዬ ጋለ። ሳልዞር፣ በሞተሩ ጩኸት መሀል ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ኮከቡን፣ ኢንግሪድን፣ ኩባያውን፣ ማንኪያው መቆሙን።

«‹የማን ጣት› አለች?» ስትል ሰማኋት። «ጎበዝ ሴት ናት። ና፣ ግባ፤ ምሳዬን ልጥድ ነው።»

ወጥ ቤቷ ውስጥ እንደ ተማሪ ቆምኩ። ሩዙን አጥባ ውሃውን ጨመረችና ጣቷን አቆመችበት።

«ስማኝ» አለች። «ሩዝ የሚጠጣው እኩያውን ነው። አንድ ኩባያ ሩዝ አንድ ኩባያ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ በላይ የምትጨምረው ለእንፋሎቱ ነው። እንፋሎት የሚወጣው በድስቱ አፍ ነው። ለሁለት ብትቀቅል ለስድስት፣ የድስቱ አፍ ሰፋ?»

«አልሰፋም፣ ማም።»

«እንግዲህ! ጣት የሚለካው የእንፋሎቱን ድርሻ ነው። አንተ በሦስት ስታባዛ እንፋሎቱንም አባዛኸው። የተረፈው ውሃ የት ይሂድ?»

«ጫማዬ ላይ» አልኩ። አልሳቀችም።

«ስለዚህ ኩባያውን ተውና ከሩዙ በላይ ያለውን ከፍታ ንገራት። ማስመሪያ አለህ?»

እኔም ጅሉ፣ ሮጬ ወጥቼ ከትራይስክሉ አመጣሁላት። እጇ ውስጥ ሳስቀምጠው ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ የገባኝ። ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በጋለ ሽቦ የተጻፉት ሁለት የስሟ ፊደላት አሁንም ነበሩ። አሸተተችው።

«ቤንዚን ጠጥቷል።»

«አዎ፣ ማም።»

«እኔ የጽዳት ሠራተኛዋ ወሰደችብኝ ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ አኩርፌያት ነበር» አለች። «ነፍሷን ይማር። ሩዜ አጠገብ እንዳታደርሰው፤ ጣትህን አምጣ።»

ጠረጴዛው ላይ ለካችኝ። የኔ ሁለት ነጥብ ሰባት፣ የሷ ሁለት ነጥብ ሦስት ሳንቲ ሜትር መጣ። «ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል በላት። በየጣታቸው ከለኩ ረጅሙ ባሏ ትንሽ ለስላሳ ይበላል፣ እናቷ ትንሽ ጠንካራ። በዚህ የሞተ የለም። አሁን ጽሑፉን አምጣ።»

መነጽሯን አድርጋ ስልኬ ላይ አነበበች። ክዳን መክፈት ነውር ነው ያልኩበት ጋ አንዴ ፈገግ አለች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«‹ማንም አያመሰግንህም›? ይህቺን አውጣት። የአበሳሰል መመሪያ ነው እንጂ አቤቱታ አይደለም።» ከዚያ ራሷን እየነቀነቀች፣ «የእርሻ ጎሽ ብዕር ሲይዝ ይህን ይመስላል» አለችና ብቻዋን ሳቀች።

«ማም፣ ይህን ከዚህ በፊትም ብለውኛል።»

«ብዬሃለሁ? ለማን ያላልኩት አለ! ለርዕሰ መምህሩም ብየዋለሁ።»

«ክፍል ፊት ነው ያሉኝ። ሁሉም ሳቀብኝ። በሳምንቱ ትምህርቴን ተውኩ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ድርሰቱ ስለ ምን ነበር?»

«ስለ አባቴ ጀልባ።»

አሰበች። እውነቷን ነው፣ ከልቧ አሰበች። «አላስታውሰውም፣ ልጄ» አለች። «ማስመሪያዬን ግን አስታውሳለሁ።»

ሃያ ሰባት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር ሴትዮዋ ለካ ያን ቀን እዚያው አስቀምጣው ሄዳለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነስቼ እወጣ ነበር። ነገር ግን ሩዙ በሰለ፤ ከደረቅ ዓሣና ከቲማቲም ጋር አቀረበችልኝ። እያንዳንዷ ፍሬ ለብቻዋ የቆመች፣ ልክ የሆነች ነበረች። በላሁ። ሳላመሰግን ወጣሁ። ማስመሪያው እዚያው ቀረ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተራው ላይ ሆኜ አስተካከልኩት። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ከሩዙ በላይ፤ ድስቱ ያው እስከሆነ ድረስ ሩዙ ቢያንስም ቢበዛም ያው። የእንፋሎቱንም ነገር አስገባሁ። አውጣት የተባልኩትን ዓረፍተ ነገር ሳያት ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደረሰ። ከዚያ፣ የማን ጣት ነው አልኩና አነሳሁት። ዓረፍተ ነገሯ ባለችበት ቀረች። ላክሁት።

እሑድ አልበላልኝም። ሊሲንግ እንኳ አላላገጠችም፤ ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ። ዳጉል ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ አብሮኝ አነበበ። አምስት ኮከብ! ከሥሩ እንዲህ ይላል፤ «ባለቤቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይጣበቅ ሩዝ ቀቀለ። የመጨረሻዋን መስመር ለእናቴ አነበብኩላት። ስልሳ ዓመት ድንች ስትቀቅል የኖረች ሴት ናት፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና ‹ይህን የጻፈው ሰው ሚስት አለው?› አለች። መስመሯን ሳጥኑ ላይ በትልቁ አትማታለሁ። በጣም አመሰግንሃለሁ።»

«ሚስት አለኝ በላት!» ብሎ ጮኸ ዳጉል። «ሊሲንግ ሳትሰማ ቶሎ በላት!» ተራው በሙሉ ሳቀ። ሳቁን አውቀዋለሁ፣ ዓይነቱን ለይቼ አውቃለሁ፤ የዛሬው ሌላ ነበር። ቢሆንም ማን ማን እንደሳቀ በልቤ ይዣለሁ።

በቅዳሜው ተራዬ ደረሰና ማም ክሪስፒናን ጫንኳት። ለአዛውንት የሚቀነሰውን ቀነስኩላት፣ ሕግ ስለሆነ፤ ከዚያ በላይ ግን አምስት ሳንቲም አልቀነስኩም። በሯ ላይ ስንደርስ ዘንቢሏን አወረድኩላት። አውጣት ያለቻት መስመር ሳጥን ላይ ልትታተም መሆኗን ልነግራት ሳምንቱን ሙሉ ቃሌን ሳሰካካ ነበር የሰነበትኩት። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ማም፣ የዚያን ቀኑ ሩዝ ጥሩ ነበር። አመሰግናለሁ።»

ቁልፏን ከቦርሳዋ እየፈለገች ቀና ብላ አየችኝ።

«የቱ ሩዝ?» አለች።

ይህቺንም ይዣታለሁ።