የበሩ ተረኛ

ሳቢና ከመሞቷ በፊት ልጇን ፌስተስን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በር ላይ እንዳታስቀረኝ። እግሬ አይችልም።»

የኪልኮራን መንደር ሰው የሚቀበረው ሐይቁ መሐል ባለችው ደሴት ነው። መጨረሻ የተቀበረ፣ ቀጣዩ ሟች እስኪመጣ የመቃብር ስፍራውን በር ቆሞ ይጠብቃል። መንደሩ ትንሽ ስለሆነ ዓመት የሚቆምም አለ።

እሷ በሞተች ማግሥት ሽማግሌው ኮይንም ሞተ። የሁለቱ ቀብር አንድ ቀን ዋለ። ፌስተስ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ወዲያው አፈረ። እናቱ ቀድማ ከገባች ተረኛው ኮይን ነው።

የቀብሩ ዕለት ሐይቁ ጠቁሯል። የኮይን ልጅ ማላኪ የአባቱን ሣጥን ጀልባው ላይ አሳርፎ ሰማዩን አየ።

«ምነው ማላኪ፣ አባትህ ዋና አይችልም እንዴ?» አለ ፌስተስ።

«አባቴማ ከእንግዲህ አይሰምጥም። የምፈራው ለራሴ ነው።»

ቀዛፊዎቹ ሳቁ። የፌስተስን ጀልባ መሪ የያዘው ታይግ ብቻ አልሳቀም። የሳቢና ወንድም ነው።

ከዳር እንደራቁ፣ «በሸንበቆው በኩል እንዙር» አለ ታይግ።

«ይቀድሙናል አጎቴ። በድንጋዮቹ መሐል እንለፍ።»

«በዚህ ነፋስ?»

«አደራዋን ሰምተሃል።»

ታይግ መሪውን አዞረ። ድንጋዮቹ መሐል ሲደርሱ የጀልባው ሆድ እንደሚቀደድ አቡጀዲ ጮኸ። ሣጥኑ ተንሸራቶ የፌስተስን ጉልበት መታው። ደሴቲቱን ሲረግጡ ጫማቸው በውሃ ተሞልቶ ነበር።

ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሯል። ቸኩለው ቀበሯት።

«አፈሩን ገለባ ያድርግልሽ» አለ ታይግ።

ፌስተስ አካፋውን ጥሎ ወደ ሐይቁ ዞረ። የኮይን ጀልባ የለም። ማዶ፣ መንደሩ ዳር፣ ማላኪ ጀልባውን ወደ ደረቁ ስቦ ደፍቶታል።

«ተመለሱ» አለ ፌስተስ። ወደ መቃብሩ በር አየ። ሲገቡ የዘጉት በር ተከፍቶ ይወዛወዛል። «ምንም አይደል። ነገ ይመጣሉ። ብትቆም አንድ ሌሊት ነው።»

ታይግ ኮፍያውን አውልቆ በተሰነጠቀው የጀልባው ሳንቃ ውስጥ ይጠቀጥቃል።

«እኔ የምፈራው ከኮይን የሚቀድም እንዳይኖር ነው» አለ።

ደሴቲቱ ላይ ጣሪያ የለም፤ አድሮባት የሚያውቅም የለም። ተሳፈሩ። ቀዛፊ ፊቱ ወደ ኋላ ነውና ፌስተስ በሩን እያየ ቀዘፈ። ድንጋዮቹ ጋ ሲደርሱ ውሃው ኮፍያውን ገፍቶ ገባ። ታይግ በባልዲ መቅዳት ጀመረ። ፌስተስ አሁንም በሩን እያየ ነበር። ነፋሱ ቆሟል፤ በሩ ግን ሰው እንደያዘው ሁሉ አልተዘጋም።