የሞላች አራስ

እትዬ አልጣሽ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ጋቢውን ከልጃቸው እግር ላይ ገለጥ ያደርጉና አውራ ጣታቸውን ቅልጥሟ ላይ ጫን ያደርጋሉ። ጣታቸው ሲነሣ ሥጋው ቶሎ አይመለስም፤ ጎድጎድ ብሎ ይቆያል።

«አያችሁልኝ?» ይላሉ። «ቅቤው ገብቷል። ታረሰች የሚባለው እንዲህ ስትሆን ነው።»

«ማሻአላህ፣» አለች ጎረቤታቸው ይታይሽ። «ፊቷም ሞልቷል። ፋብሪካው አድርቋት አልነበር? የእናት እጅ ነው እንጂ።»

ሀናን ትራስ ተደግፋ ፈገግ ትላለች። ከወለደች ወዲህ ተንጋልላ መተኛት አልቻለችም፤ ጀርባዋ አልጋውን ሲነካ ሰው ደረቷ ላይ የተቀመጠባት ይመስላታል። ለእናቷ ብትነግራቸው፣ «ደግ ነው፤ ንቁ አራስ ጂን አይደፍራትም» አሏት። እትዬ አልጣሽ ቅቤያቸውንና የገብስ ዱቄታቸውን ይዘው ከቢስቲማ ኮምቦልቻ የወረዱት ያለቻቸው ልጅ እሷ ብቻ ስለሆነች ነው፤ በአራስነቷ ሰው ፊት ሊያሳንሷት አልፈለጉም። ጠዋት ገንፎ፣ ቀትር ላይ ጨው ያልተቆጠበበት የበግ መረቅ፣ ማታ አጥሚት። የጤና ጣቢያው ቀጠሮ ሲደርስ ባሏ መሕሙድ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ቢጠብቅ፣ «አርባዋን ሳትጨርስ የማን ዐይን እንዲያርፍባት ነው?» ብለው መለሱት።

ሀናን የምታስበው ስለ ሥራዋ ነበር። በክር ፋብሪካው ፈተል ክፍል የተበጠሰ ክር ትቀጥላለች። በማሽኖቹ መሐል ሲመላለሱ መዋል ነው፤ ፈረቃው እስኪያልቅ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። እጇ ፈጣን ስለነበር አለቃዋ ምንይሉ አዲስ የሚገቡትን ልጆች እሷ ዘንድ አምጥቶ ያቆማቸውና «እዩዋት» ይላቸው ነበር። በዚህች ከተማ የእሷ ነው የምትለው ነገር ቢኖር ያ መደብ ነው። ፈቃዷ ሲያልቅ በእግሯ መቆም ካቃታት ለሌላ እንደሚሰጥ ታውቃለች።

የሥራ ባልደረባዋ ነፃነት ልትጠይቃት መጥታ እትዬ አልጣሽ ወደ ጓዳ እስኪገቡ ጠበቀችና ስልኳን አወጣች። ስልኩ ላይ ጠባብ ልብስ የለበሰች ሴት ወለል ላይ ተጋድማ እግሯን ታነሣለች፣ ታወርዳለች።

«ይኸውልሽ፣ እሷም ወልዳ ነው።»

«የእማን ገንፎ ብትበላ እንዲህ አትነሣም ነበር።»

«ቀልጂ አንቺ። ለመሆኑ ጫማሽ ይገባልሻል?»

«የመሕሙድን ሸበጥ ነው የማደርገው።»

«በይ ተነሺ። ተኝተሽለት የሚሄድ ቦርጭ የለም።»

ከዚያ ወዲያ እናቷ ገበያ ሲወጡ ሀናን ግቢውን ትዞር ጀመር። ግቢው ባጃጅ ቢያዞሩበት የሚጠብ ነው። እሱንም ሳትጨርስ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ግድግዳውን ይዛ ትስላለች፤ ልቧ ጉሮሮዋ ሥር ይመታል። «ሰነፍሽ» ትላለች ራሷን። «ተኝተሽ በላሽና ሰነፍሽ።» ለነፃነት ደውላ ብትነግራት፣ «መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነው። ታገዪው፣ ላብሽ ይውጣ» አለቻት። ታገለችው። እናት «ብዪ» እያሉ፣ ጓደኛ «ተራመጂ» እያለች፣ እሷም ሁለቱንም እየሰማች አርባዋ ሞላ።

አራስነቷን ስትጨርስ ሕፃኑን ፈሪድን ለመሕሙድ አክስት ሊያሳዩት ወደ ደሴ ወጡ። መሕሙድ መናኸሪያ ድረስ በባጃጁ ሲወስዳቸው፣ «የኋላ ጎማዬ ባንቺ በኩል አዘነበለ እኮ» ብሎ ሳቀባት። እሷም አብራው ሳቀች፤ ሳቁ ግን ሳል ሆኖ ቀረ። መሕሙድም ባጃጁን አቁሞ አብሯቸው ተሳፈረ። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲያያዘው ሀናን መስኮት አስከፈተች። የደጋው ብርድ ፊቷን እየመታት አየሩ አልበቃትም።

የአክስትየው ቤት ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከመንገዱ ከፍ ስለሚል የድንጋይ ደረጃ አለው። ሀናን መሐል ላይ ስትደርስ ተቀመጠች።

«ጡት ልትሰጪው ነው?» አሉ እናቷ ልጁን እንዳቀፉ።

ከንፈሯ ጠቁሯል። መሕሙድ አፍሶ አነሣትና ወደ መንገዱ ሮጠ።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ደረቷን አዳመጠች፤ እግሯን ገለጠች፤ ልክ እንደ እትዬ አልጣሽ በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያበጠችው?»

እትዬ አልጣሽ ከሁሉም ቀድመው፣ «አላበጠችም የኔ ልጅ፤ ሞልታ ነው» አሉ።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻቸው። «ውሃ ነው፣ እማማ። ልቧ ደሙን መግፋት አቅቶት ሰውነቷ ውሃ ቋጥሯል። ከወሊድ ጋር የሚመጣ የልብ ድካም ነው።» ወደ ሀናን ዞረች። «ስትራመጂ አይደክምሽም ነበር?»

«ይደክመኛል። ስንፍና መስሎኝ ነው።»

እትዬ አልጣሽ አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጨብጠው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

ውሃው በመድኃኒት ወጣላት፤ ትንፋሿም ተመለሰ። ኪኒኑን እንዳታቋርጥ፣ ጨው እንዳትቀምስ፣ ቆማ የምትውልበት ሥራ እንዳትሠራ፣ ሁለተኛ እንዳታረግዝ ተነግሯት ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። የመጨረሻውን ሲሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞረው መሕሙድ ከዚያ ወዲህ ስለ ጎማው ቀልዶ አያውቅም።

ይታይሽ ልትጠይቅ መጥታ ክው አለች። «ምነው እንዲህ ተሟጠጠች? ያ ሁሉ ቅቤ የት ገባ?» እትዬ አልጣሽ ጋቢውን ጎትተው የልጃቸውን እግር ሸፈኑ። በማግስቱ ሀናን መረቁን ቀመሰችና ሳህኑን አስቀመጠችው።

«እማ፣ ጨው አለው።»

«ትንሽ ናት። አጥንትሽ ወጥቶ ሰው ምን ይለኛል?»

ሳህኑን ገፋችው። እናቷ አንሥተው ራሳቸው ጠጡት፤ ሲጠጡ እያለቀሱ ነበር።

ፈቃዷ ባለቀ ዕለት ፋብሪካ ሄደች። እናቷ ፈሪድን አዝለው በር ላይ ቀሩ። ምንይሉ ከፈተል ክፍሉ ወጥቶ ከላይ እስከ ታች አያትና ፊቱ በራ።

«ተስተካክለሻል። የወለደች ሁሉ በርሜል ሆና ነው የምትመለስልኝ፤ አንቺ ሰውነትሽን መልሰሻል። ሰኞ ጠዋት ፈረቃ ግቢ።»

«ጋሽ ምንይሉ፣ ቆሜ መዋል አልችልም። ተቀምጦ የሚሠራ ካለ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ልቤ ደክሟል።»

«ልቡ ያልደከመ ማን አለ?» አለና ሳቀ። «ልጅ ጥሎ መውጣት ነው የሚያደክምሽ። ሚስቴም እንዲህ ብላኝ ነበር። ሥራው ውስጥ ስትገቢ ይበረታልሻል።»

«እሱን ማለቴ አይደለም። ሐኪም ነው ያለኝ።»

«እንዲህ አምሮብሽ?» እንደገና አያት፤ አሁን ሳቁ ጠፍቷል። «የማይሆን ምክንያት አታምጪብኝ። ተቀምጦ የሚሠራ እኔ ጋ የለም። ሰኞ ካልመጣሽ መደቡን ለያዘችው ልጅ አጸናላታለሁ።»

በተከፈተው በር ልጅቷ ትታያለች። ክር ተበጥሶባት ጫፉን ትፈልጋለች፤ ዘገየች። የሀናን ጣቶች ሳታዛቸው ተንቀሳቀሱ።

«ያጽኑላት» አለች።

በሩ ላይ እናቷ፣ «ምን አለሽ?» አሏት።

«ሰውነትሽን መልሰሻል አለኝ።»

«ዐይን የለውም?» አሉ እትዬ አልጣሽ ተቆጥተው። «የታመመና ያልታመመ ሰው አይለይም?»

ሀናን እናቷን አየቻቸው። ዐይኗ አውራ ጣታቸው ላይ አረፈ። ጀርባቸው ላይ የተኛውን ፈሪድን በነጠላው ሸፈነችውና ባጃጅ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።