የአራት ሰዓቱ መኪና

«እባክዎ ቶሎ ይበሉ፣ ሰው ጎድሎብን ግራ ገብቶናል!» አለች አየሁሽ፣ የደወለው አሠልጣኙ መስሏት፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ።

«እንዴ! ቢቸናም ተሰማ? ቢያዝን አወቀ?» አሉ ከሞጣ የደወሉት የቢያዝን አጎት፣ አቶ ገላው።

«ምኑን?»

«የእናቱን ማረፍ ነዋ!»

አየሁሽ ብድግ ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የጎደለባት ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ፣ ስም እንጂ ነፍስ የሌለው ሠራተኛ ነበር። ሞጣ ላለ ክሊኒክ የታካሚ ካርድ ሶፍትዌር የሚሠሩት አራት ባልደረቦች ቢቸና የመጡት ሰው መምራትን በጨዋታ ሊማሩ ነው። ጨዋታው የይምሰል ሠራተኛና የይምሰል ቀነ ገደብ ይሰጣል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ወር ያልፋል። ከሚወዳደሩት ቡድኖች ያሸነፈው ደግሞ ቀጣዩን ትልቅ ሥራ ይረከባል። የነሱ መሪ አየሁሽ ናት፤ ስልክ መያዝ የተፈቀደውም ለመሪ ብቻ ነው። መሪነቱንም እንደ አዲስ ጫማ ነው የያዘችው፤ ቢጠባትም አታወልቀውም።

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉ አቶ ገላው። «መቼም መርዶ በስልክ አይነገር። ‹እናትህን ትንሽ አሟቸዋል› በይና በአራት ሰዓቱ መኪና ስደጂልን፤ እኛ እዚህ በወጉ እናረዳዋለን። አደራሽን ልጄ።»

«እሺ ጋሼ።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ቢያዝን እንደ ሌላው ሁሉ ስልኩን ለአሠልጣኙ አስረክቦ፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ይሥቃል።

«አለቃ፣ ነይ እንጂ! ሰውየው ደክሞት ሊለቅብን ነው፤ እረፍት እንስጠው?»

«አሁን እረፍት የለም!»

ቢያዝን ከሄደ መሸነፋቸው ነው። ደሞስ መርዶ እንዲሁ አይዘረገፍም፤ በስድስት ሰዓቱ መኪና ቢሄድም ይደርሳል፤ አለች ለራሷ። ወግ ለፈራ ሰው ጥሩ ጋቢ ነው፣ ሁሉን ይሸፍናል።

ጨዋታው ግን እስከ ሰባት ተኩል ተጎተተ። ያኔ «እናትህን አሟቸዋል» ስትለው ደብተሩን እንኳ ሳያነሣ ሮጠ። ሞጣ ሲገባ አሥር ሰዓት አልፎ፣ አፈሩ ተደልድሎ፣ ቀባሪው ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

በማግሥቱ የጨዋታው ውጤት ተነገረ። በሦስተኛው ቀን አየሁሽ አንገቷን ሰብራ ድንኳኑ ገባች። አቶ ገላው አይተዋት ፊታቸውን አዞሩ። ቢያዝን ዓይኑ አብጦ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።

«ክፉ ወሬ ነውና... በወጉ ትረዳ ብዬ ነው» አለች። «በአራት ሰዓቱ ልልክህ ነበር እኮ።»

ቢያዝን ጋቢውን ትከሻው ላይ ሳብ አደረገ።

«ለመሆኑ ስንተኛ ወጣን?» አላት።