የሚዛን ተቆጣጣሪው የጨዋታ ማሽን

ሰውዬው ሥራው ሚዛን መቆጣጠር ነው። ሥጋ ቤት፣ አትክልት ቤት፣ ወርቅ ቤት ሳይል በየተራ ይገባል፤ ከቦርሳው የናስ ክብደቶቹን አውጥቶ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጥና ባለሱቁን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሚዛኑ ከዋሸ ያሽገዋል። ልመና አይሰማም፣ የቀረበለትን ሻይ አይቀምስም፣ «ለልጆቼ ሲባል» ቢሉትም ንቅንቅ አይልም። ባለሱቆቹ ከሩቅ ሲያዩት «ደረቁ መጣ!» ይባባላሉ። እንግዲህ ይኸው ደረቁ ነው፣ ሃምሳን ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ቁም ሣጥን የሚያክል የጨዋታ ማሽን የገተረው።

ቀፎውን ያገኘው ከተዘጋ ጌም ቤት ነው። ቀለሙ ተላልጦ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታው የከረመ ነበር። ደረቁ ፋቀው፣ ቀባው፣ አዳዲስ ቁልፎችና ሁለት ጆይስቲክ ገጠመለት፣ ስክሪን አስገባለት፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር አስቀመጠ። ኮምፒውተሯ ላይ ኢሙሌተር የሚባለውን ፕሮግራም ጫነ። ይህ ፕሮግራም የድሮዎቹን ጨዋታዎች አሁንም በዚያው በድሮው ማሽን ላይ እንዳሉ እያስመሰለ የሚያጫውት ነው። ማስመሰል የሚባል ነገር በደረቁ ፈቃድ ቤቱ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ቶሎ አለቀ። ጉዱ የመጣው ከማውጫው ጋር ነው። ማውጫው ማለት ማሽኑ ሲበራ ፊት ለፊት ብቅ የሚለው፣ ጨዋታዎቹን አሰልፎ የሚያስመርጠው ገጽ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስማቸውን ደርድሮ ወደ ጨዋታው ይሄድ ነበር። ደረቁ ግን በሺህ ለሚቆጠሩት ጨዋታዎች፣ ለእያንዳንዳቸው ሥዕል፣ አርማ፣ የተሠሩበትን ዓመትና አጭር ቪዲዮ ካላገኘሁላቸው ሞቼ እገኛለሁ አለ። ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ማሽኑ ፊት ይቀመጣል። አንዱ አርማ ከሌላው በፀጉር ስፋት ዝቅ ካለ እንደገና ከላይ ይጀምራል። የክፍል አመዳደቡማ እንቅልፍ ነሳው።

«ቦክስ ስፖርት ነው ወይስ ድብድብ?» ሲል ራት ላይ ሚስቱን ጠየቃት።

ሚስቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ምላሷ ክፍል ውስጥ የተሳለ ነው። «ዛሬም ሳህን ሳታጥብ ከተነሳህ የትኛው እንደሆነ እዚሁ ታየዋለህ» አለችው።

«ቁም ነገር ነው የጠየቅኩሽ።»

«እኔም ቁም ነገር ነው የመለስኩልህ። ይኸው ስንት ወሩ፣ አንድ ቀን ስትጫወት አላየሁህም። ምግብ ቤት ከፍተህ ሜኑ ብቻ ነው እንዴ የምታበላን?»

«ገና አላለቀም» አለ ደረቁ፣ እንደተቀየመ ሰው ወደ ሳህኑ አቀርቅሮ።

ያላለቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ለሚስቱም አልነገራት። ማሽኑ በሙሉ፣ ሥዕሉም አርማውም፣ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። ለታላቅ ወንድሙ።

ልጆች ሳሉ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ አንድ ጠባብ ጌም ቤት ነበር። እዚያ ሁለት ሰው የሚደባደብበት ጨዋታ አለ፤ ታላቅየው በግራ፣ ታናሽየው በቀኝ ይቆማሉ። ግራው የታላቅ ነው። ማንም አልደነገገውም፤ የመኪናው የፊት ወንበርም፣ ትልቁ ቁራጭ ሥጋም የታላቅ እንደሆነው ነው። ታናሽየው ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ይሸነፋል። ታላቅየው ባሸነፈ ቁጥር አናቱን ጠቋ ያደርገውና «ኩታራ! ገና ነህ!» ይለዋል። ይህንኑ በታናሽየው ሠርግ ቀን ሳይቀር ማይክ ይዞ ለእንግዳ ተርኮለታል። ሁለቱም ሸበቱ፤ አንዱ ባለሱቅ የሚንቀጠቀጥለት ተቆጣጣሪ፣ ሌላው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ሆነው ኖሩ፤ ስልክ ሲደወል ግን የመጀመሪያው ቃል ዛሬም «ኩታራው እንዴት ነው?» ነው። ደረቁ ከዚህ ዓለም አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር፦ ወንድሙን አንዴ፣ ለአንዴ ብቻ፣ አሸንፎ ያንን ቃል ማስዋጥ።

ችግሩ ጣቶቹ ናቸው። ሚስቱ በሌለችበት ተለማመደ። ማሽኑ ራሱ፣ በጣም ቀላል በሚባለው ደረጃ፣ አንድ በአንድ እያነሳ አፈረጠው። ጣቶቹ ከልጅነቱ ጀምሮ ምንም አልተማሩም።

ያኔ ነው የሥራ ልምዱ ትዝ ያለው። አጭበርባሪ ሚዛን ብዙ እንደማይሰርቅ ከደረቁ በላይ የሚያውቅ የለም። ብዙ ከሰረቀ ይነቃበታል፤ ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ድስቱን እስኪጥድ የማይሰማው ትንሽዬ ጉድለት ነው ሀብታም የሚያደርገው። ማውጫው ደግሞ አንድ ባሕርይ አለው፦ ጨዋታውን ከማስነሳቱ በፊት ሌላ ትንሽ ፕሮግራም እንዲቀሰቅስ ማዘዝ ይቻላል። ደረቁ ፈልጎ ፈልጎ የቁልፍን ትእዛዝ በቅጽበት የሚያዘገይ ፕሮግራም አገኘ፤ በግራ ወገን ቁልፎች ላይ ብቻ እንዲሠራ አድርጎ ከድብድቡ ጨዋታ ጋር አሰረው። ዓይን ከመጨፈን ያነሰች መዘግየት ናት። በግራ የቆመ ሰው ጣቱ ያረጀ ይመስለዋል እንጂ አይነቃም።

አንድ ስጋት ቀረው። ወንድሙ ዕድሜውን በሾፌርነት የኖረ ነው፤ ማውጫው ላይ የመኪና እሽቅድምድም ካየ ሌላ ነገር አይነካም። ስለዚህ ደረቁ ለወራት ሥዕል የሰበሰበላቸውን ጨዋታዎች በሙሉ ደበቃቸው። በሺዎች ከሚቆጠሩት መሐል ስክሪኑ ላይ አንዱ ብቻ፣ ድብድቡ ብቻ ቀረ። ሕሊናውስ? ሕሊናው እንደማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ቅዳሜና እሁድ ሥራ አይገባም።

እሁድ ከሰዓት ወንድሙ መጣ። ሾፌርነቱን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ትቶታል፤ ሲጠይቁት «ሰለቸኝ» ነው የሚለው። በር ላይ ትከሻው መቃኑን መታው፤ ደረቁ ‹አረጀ› ብሎ በልቡ ደስ አለው። እንግዳው ማሽኑን ሲያይ አፉን ከፈተ፤ ቀረብ ብሎ ጎኑን ዳሰሰው፣ ጆይስቲኩን ያዝ አድርጎ አወዛወዘው።

«አንተ ኩታራ! ይሄን በእጅህ ነው የሠራኸው?»

«በእጄ ነው ጋሼ። ና እንጂ፣ ቦታህን ያዝ። ግራህ ይኸውልህ።»

ወንድምየው ወደ ግራው አልሄደም። ዞሮ በቀኝ በኩል ቆመ።

«ምን ሆንክ ጋሼ? ግራው እኮ ያንተ ነው!»

«ነበር» አለ ወንድሙ፤ ከጆይስቲኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። «በቀኝ ዓይኔ አላይም። ጠፍቷል። በግራ ከቆምኩ ስክሪኑ በማላይበት በኩል ይሆንብኛል። ሾፌርነቱንም የተውኩት ሰልችቶኝ አይደለም፤ ከልክለውኝ ነው።»

ደረቁ ደነገጠ። ከልቡ ደነገጠ፣ አዘነም። ግን እውነቱን ማውራት ካለብን፣ ከሐዘኑ ጎን ለጎን ሌላም ድንጋጤ ነበረው፦ በግራ የሚቆመው እሱ ሊሆን ነው።

«ሌላ... ሌላ ጨዋታ ብንጫወትስ?»

«ሌላ የታለ? አንድ ብቻ ነው እኮ የሚታየኝ። ወይስ ግራ ዓይኔም ጠፋ?»

ማውጫውን ከፍቶ ያሰረውን እንዳይፈታ፣ ወንድሙ አጠገቡ ቆሟል። የደበቃቸውን እንዳያወጣ፣ ለምን ደበቅካቸው ይባላል። ደረቁ ስንት ባለሱቅ ሲያልበው እንዳየ ታውቃላችሁ፤ አሁን ላቡ የገዛ አንገቱ ላይ ነበር። በግራ ቆመ።

ጨዋታው ተጀመረ። ደረቁ ቁልፍ ይጫናል፤ ተፋላሚው ይሉኝታ እንደያዘው ሰው ትንሽ አስቦበት ይሰነዝራል። እስከዚያ የወንድሙ ተፋላሚ ሁለቴ መትቶ፣ ዘሎ፣ ከጀርባ ሆኖ ይጠብቀዋል። አንደኛው ዙር አለቀ። ሁለተኛውም አለቀ። «ድገም!» አለ ወንድሙ፤ ደገሙ፤ ያውም የባሰ ሆነ። ያኔ ወንድሙ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ማሽኑን ተደግፎ፣ የደረቁን አናት ጠቋ አድርጎ ሳቀ። ሚስትየው ከማድ ቤት እጇን እየጠረገች ወጣች።

«እሙ፣ ነይ እዪ! በአንድ ዓይኔ! በአንድ ዓይኔ አነጠፍኩት!»

በዚያ ሳምንት የደረቁ ስልክ አላረፈም። አክስትየዋ ደወለች፣ የአጎት ልጅ ደወለ፤ ሁሉም ስለ አንድ ዓይን ነው የሚያወሩት። ሥጋ ቤት ሚዛን ሊያይ ገብቶ እንኳ ባለሱቁ አፉን ሸፈነ፤ የሳቀበት ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ደረቁ ግን ሌላ አልመሰለውም። አንጀቱ አረረ። ወጥመዱን ያጠመደው ራሱ፣ የገባበትም ራሱ፣ የሚከሰው ሰው የለ። በአራተኛው ቀን ያችን የምታዘገይ ፕሮግራም ከሥሯ ነቀላት። ‹አሁን ሚዛኑ ልክ ነው፤ በእውነት እንግጠም› አለ። ኩራትም ተሰማው፤ ሐቀኝነቱ የተመለሰው ስለተሸነፈ መሆኑን አላጤነውም።

በሚቀጥለው እሁድ ገጠሙ። አሸነፈ።

ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ነገር ከምኔው እንዳለቀ አልገባውም። የእሱ ተፋላሚ ታዛዥ ሆኖ ይመታል፤ የወንድሙ ተፋላሚ ግን ጠላቱ ወንድምየው በማያይበት በኩል ሲመጣበት ባዶ አየር ይደቃል። «ድገም» አለ ወንድሙ። ተደገመ። ሦስተኛውን ራሱ ተወው፤ እጁን ከጆይስቲኩ ላይ አነሳና ስክሪኑን ጠጋ ብሎ፣ አንገቱን አዙሮ፣ በደህናው ዓይኑ ትንሽ አየው።

«ጎበዝ» አለ።

‹ኩታራ› አላለም። አናቱንም አልነካውም። «ጎበዝ» አለና ጃኬቱን አነሳ፤ እጅጌው ጠፍቶበት ደረቁ አለበሰው። ደረቁ የፈለገውን አገኘ፤ ግን በድል ቀን እንዲህ ይከፋኛል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ወንድሙ በሳምንቱ አልመጣም። ሲደወልለት «ዛሬ ደከመኝ» አለ። ከዚያ በኋላ በነበረው እሁድም ደከመው። ነገሩን ያወቀችው ሚስትየው ናት፤ ከወንድምየው ሚስት ጋር በስልክ አውርታ ስትጨርስ መጥታ ከደረቁ አጠገብ ተቀመጠች።

«የቀረችውም ዓይን እየደከመች ነው ብሎታል ሐኪሙ» አለችው። «እሱ ግን ‹ወንድሜን ያሸነፍኩባት ዓይን ምን ትሆናለች!› ብሎ ተከራክሮት ነበር አሉ። ለነርሷም ለዘበኛውም ሲያወራ ሰነበተ። አንተ ካሸነፍከው በኋላ ግን ዝም ብሏል። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ይውላል።»

ደረቁ ተነስቶ ማሽኑን አበራው። የደበቃቸውን ጨዋታዎች ከድሉ በኋላ መልሷቸው ስለነበር፣ ያ ሁሉ የለፋበት ማውጫ ሥዕሉን ደርድሮ ብቅ አለ፤ አርማዎቹ በአንድ መስመር ላይ፣ ዓመታቱ በቦታቸው። ወደ ድብድቡ ወረደና የነቀላትን ፕሮግራም መልሶ ጫናት። መዘግየቷን እንደ በፊቱ አደረጋት። ከዚያ የወንድሙን አንገት፣ ስክሪኑ ላይ የተጠጋውን ፊቱን አሰበና ትንሽ ጨመረባት። ስንት ሥጋ ቤት ያሸገ ሰው፣ ልክ የሆነውን ሚዛን በገዛ እጁ አጣመመ። እንባው መጥቶበት ስለነበር ቁጥሩን ሁለቴ ማየት አስፈለገው።

ወዲያው ደወለ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ፈራኸኝ አይደል?»

«ማንን ነው የምፈራው?»

«እኔን ነዋ! አንዴ ብገርፍህ ቤትህ ገብተህ ተደበቅክ። ለአክስቴም ልነግራት ነው።»

ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። «አንተ ልጅ፣ ማሽኑን አሙቀህ ጠብቀኝ!»

መጣ። የወንድምየው ሚስት በክንዱ ይዛ አስገባችው፤ ማሽኑ ጋ ሲደርስ ግን ለቀቃትና ቀኙን ያዘ። ደረቁ በግራ ቆመ። ተጫወቱ። ደረቁ ቁልፉን እስኪያመው ይጫናል፤ ተፋላሚው ቀኑን ሙሉ የሚያስብ ይመስላል፤ ከዚያ ትንሽ እጁን ሲያነሳ ይወድቃል። ደረቁ ጥርሱን ነክሶ በእውነት ነው የሚታገለው፤ መሸነፍ ዛሬም እንደ ልጅነቱ ያንገበግበዋል። ተሸነፈ። ደግሞ ተሸነፈ።

ወንድሙ እጁን በአየር ላይ እየፈለገ የደረቁን አናት አገኘውና ጠቋ አደረገው።

«ኩታራ! ገና ነህ!» አለና ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት የማሽኑን ጎን መታ መታ አደረገው። «ባለፈው ጊዜ ግን ይሄ ነገር ተበላሽቶብህ ነበር፤ አልነገርኩህም እንጂ ወዲያው ነው የታወቀኝ። ይኸው ዛሬ ልክ ነው። አስተካከልከው አይደል?»

«አስተካከልኩት ጋሼ» አለ የሚዛን ተቆጣጣሪው። «አሁን ልክ ነው።»