የታሸገው መኪና

ታኖም በታይላንድ፣ በቻንታቡሪ የከበረ ድንጋይ ገበያ ዓይኑን የሚያምን ሰው ነበር። ዓይኑንም ሌላው ሁሉ እንዲያምንለት ይፈልጋል። ከዓርብ እስከ እሑድ ነጭ ጠረጴዛው ኋላ ይቀመጥና ደላሎች የሚዘረግፉለትን ሩቢና ሰንፔር በመቆንጠጫ እያነሳ፣ ማጉያ መነጽሩን ወደ ዓይኑ ሳያስጠጋ ዋጋ ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ልክ ይሆናል። ጉዱ የመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ሁሉን የሚያውቅ ሲመስለው ምን እንደሚሆን ለማየት የታኖምን ጋራዥ መክፈት ይበቃል።

ጋራዡ ውስጥ፣ በሦስት ድርብ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ አንድ ጥቁር የጀርመን መኪና ቆሟል። ስድስት መቶ የፈረስ ጉልበት አለው፤ ወንበሩ ወገብ ያሻል፤ በሩ በጣት ሲነካ ራሱን ይዘጋል። ከሦስት ዓመት በፊት በአሥራ አንድ ሚሊዮን ባት ተገዛ። ከዚያ ውስጥ አራት ሚሊዮኑ የተገኘው ከሚስቱ ከላማይ ሟች እናት የዱሪያን እርሻ ሽያጭ ነው፤ ዱሪያን እሾሃማ፣ ሽታው ኃይለኛ ፍሬ ነው። ላማይ እርሻውን ለጎረቤታቸው ለእማማ ቻሎም ስትሸጥ አልቅሳለች። ታኖም ታዲያ አጽናናት።

«ይሄ እንደ ሌላው መኪና አይምሰልሽ» አላት። «ንብረት ነው። በተቀመጠ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በፈለግሽ ቀን ሸጬ መሬትሽን እመልስልሻለሁ።»

እንዳለውም አስቀመጠው። ሩቢ በወረቀት ተጠቅልሎ ሠላሳ ዓመት ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ መኪናም እንዲሁ መሰለው። በወር አንዴ ጨርቁን ይገልጣል፣ በለስላሳ ፎጣ ያብሳል፣ መልሶ ይሸፍናል። ባትሪው ሞተ። ጎማው በቆመበት ወገን ጠፍጣፋ ሆነ። የክረምቱ እርጥበት የቆዳ ወንበሩ ላይ ነጭ ሻጋታ አበቀለ። ታኖም ይህን ሁሉ እያየ መኪናውን «ያልተነካ» ይለዋል። እውነቱን ነው፤ መንገድ ያየው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱ ሠርግ ነበሩ፣ አንዱ መነኩሴው እንዲባርኩት።

መጋቢት ላይ እማማ ቻሎም ጉልበታቸውን እያሹ መጡ።

«ልጄ ላማይ፣ እኔ ከእንግዲህ ዛፍ ሥር መውረድ አልችልም» አሏት። «ፍራፍሬ ወደ ውጭ የሚልኩት ሰዎች ስድስት ሚሊዮን እንስጥዎት ብለውኛል። ግን እናትሽ ጓደኛዬ ነበረች። የገዛሁበትን አራቱን አምጪና መሬትሽን ውሰጂ። እስከ አዲስ ዓመት እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለእነሱ እፈርማለሁ።»

ሚያዝያ ላይ ለሚገባው የታይ አዲስ ዓመት የሚቀረው አንድ ወር ነበር። ላማይ እሳቸውን ሸኝታ ስትመለስ ባሏ ፊት ቆመች።

«በል እንግዲህ፣ ንብረትህን ሽጠው።»

ታኖም ደረቱን ነፋ። ዘጠኝ ሚሊዮን ብሎ አስነገረ። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣው በገበያው አጠገቡ ጠረጴዛ የሚቀመጠው ሱቲን ብቻ ነው። መኪናውን ዞሮ አየ፣ ጎማውን በጫማው ገፋ፣ ወንበሩን አሸተተ።

«ፒ ታኖም» አለው፣ ታናሽ ታላቁን እንደሚጠራ። «ዘጠኝ እንዴት መጣ?»

«አሥራ አንድ ነው የተገዛው። ሁለቱን ለጓደኛ ብዬ ተውኩት።»

«ለየትኛው ጓደኛ? እኔ የማውቀው ሰው ነው?» ሱቲን ሳቀ። «ሁለት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺ እሰጥሃለሁ። እሱም ባለቤትህን ስለማከብር ነው።»

ታኖም እስከ ውጭ በር ድረስ ሸኘው፤ ዳግም እንዳይመጣ ማለት ነው። ሰባት አለ፤ ማንም አልመጣም። ስድስት አለ፤ ደዋዮቹ «የመጨረሻው ስንት ነው?» እያሉ ስልኩን ይዘጉበታል። እሱ ግን አልተጨነቀም። ከገበያው የተማረው፣ የሚሸጥ ሰው የራበው መምሰል እንደሌለበት ነው።

አዲስ ዓመት ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ከባንኮክ አንድ ጥርስ ሐኪም መጣ። ናታፖን ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ሸሚዙ እንደ ጥርሱ ነጭ። ባትሪ ተውሰው ሞተሩን አስነሱለት። ሰፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ውሾች ጮኹ፣ ሐኪሙ እንደ ሕፃን ፈገግ አለ።

«አራት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺ» አለ።

ላማይ ከመስኮቱ ኋላ ትንፋሿን ያዘች። ታኖም ቅንድቡን እንኳ አላነሳም። ወደ ቤት ገብቶ እስክሪብቶ፣ ወረቀትና ፕላስተር ይዞ ተመለሰ።

«እኛ ዘንድ የሚሠራው እንዲህ ነው» አለው። «የሚከፍሉትን ይጻፉ። እናሽገዋለን። መልሴን እስክሰጥዎ ድረስ ለሌላ ሰው አላሳየውም። ማሸጊያው ላይ ሁለታችንም እንፈርማለን።»

በገበያው ድንጋይ የሚሸጠው በዚህ ሕግ ነው። ገዢ የወደደውን ድንጋይ በወረቀት አሽጎ ዋጋውን ይጽፍበታል፤ ሻጭ እሺ ወይም እምቢ እስኪል ድረስ ያንን እሽግ የሚነካ የለም። ሕጉን የሚጥስ ሰው ጠረጴዛው ላይ ጠጠር እንኳ የሚዘረግፍለት ደላላ አያገኝም። ሕጉ የክብር ሕግ ነው፤ ሐኪሙ ግን ክብሩን ያገኘው ከጥርስ ነው። እየሳቀ ጻፈ፣ ወረቀቱን የመኪናው በር ላይ በፕላስተር ለጠፉ፣ ፈረሙ። ሐኪሙ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሄደ።

ላማይ እየሮጠች ወጣች። «ደውልለትና እሺ በለው። አሁን፣ ሰውየው ከመንደሩ ሳይወጣ።»

«ዛሬ እሺ ካልኩ የራበኝ ይመስለዋል። ሦስት ቀን ይቆይ። እሱም እያሰበ ይጨምራል።»

«አንተ ሰው፣ አራት ነው የምንፈልገው። አራት ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺ ሰጠህ። ምን ቀረህ?»

«ሥራዬን አታስተምሪኝ።»

በማግስቱ ከጎረቤት ከተማ ከራዮንግ አንድ ባለ ሆቴል ደወለ። መኪናውን ልየው፣ ገንዘቡ በእጄ ነው አለ። ላማይ ስልኩን ከባሏ እጅ ልትነጥቅ ምንም አልቀራት።

«ታሽጓል» አለ ታኖም፣ በኩራት። «ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

እንዲህ ያለ ቃል አክባሪ ሰው ለማየት ያብቃን። ለሚስቱ የሰጠው ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ሻጋታ ሲያበቅል፣ ለማያውቀው ሐኪም በፕላስተር የሰጠውን ቃል ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቀው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ታኖም ጉሮሮውን ጠርጎ ደወለ።

«ዶክተር፣ አሰብኩበት። አራት ከአምስት ካደረጉት እጅ እንማታለን።»

«ውይ ፒ ታኖም፣ እኔ እኮ ትናንት ሌላ ገዛሁ።»

«እንዴት ሆኖ? ታሽጓል እኮ። ፈርመዋል።»

«የቱ? ያ ፕላስተር?» ሐኪሙ ሳቁን እየዋጠ እንደሆነ ያስታውቃል። «እኔ ቀልድ መስሎኝ። ፎቶውን ለጓደኞቼ ልኬ ስንስቅ ነው የሰነበትነው።»

«ስንት ገዙት?»

«ሦስት ከስድስት። ዕድሜው ከእርስዎ መኪና በአንድ ዓመት ያንሳል።»

ባለ ሆቴሉ ጋ ሲደወል ለበዓል ወደ ዘመዶቹ ሄዷል፤ የመኪና ነገር አሁን አታንሱብኝ አለ። ላማይ ወደ ጋራዡ ሄደች፣ የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሯ ያዘችና ሳበችው። የሚያዝያ ሙቀት ሦስት ቀን ቀቅሎት ነበር፤ ከበሩ ላይ ሲለቅ ሙጫውን ትቶ፣ ከጥቁሩ ቀለም ጥፍር የሚያህል ልጣጭ ይዞ መጣ። ከዚያ ሱቲን ቤት ድረስ በእግሯ ሄደች።

ሱቲን መጥቶ በሩን በጣቱ ዳበሰ። «ሁለት ከስድስት» አለ።

«ባለፈው ሁለት ከዘጠኝ ብለህ ነበር!» አለ ታኖም።

«ባለፈው ይሄ ነጭ ነገር አልነበረበትም። ደግሞ እሽግ ተፈትቶ የተመለሰን ዕቃ ገበያው እንዴት እንደሚያየው ለአንተ ልንገርህ?»

ታኖም አፉን ከፈተ። ላማይ ቀደመችው።

«ውሰደው» አለች።

እማማ ቻሎም በሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺ ከመሬቱ ከሦስት እጅ ሁለቱን መለሱላት። ሌላ ሰው ይህንንም አያደርግም። መንገድ ዳር ያለው ቀሪው ፍሬ ወደ ውጭ ለሚልኩት ነጋዴዎች ሄደ። የላማይ እናት ከልጅነቷ ጀምራ ያሳደገችው ትልቁ ዛፍ የነበረው እዚያ ነው። ላማይ ወረቀቱን ፈርማ ወጣች።

ግንቦት ሲያልቅ ነጋዴዎቹ ከዛፉ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ዱሪያን መሸጥ ጀመሩ። ላማይ ባሏን አስከትላ ሄደች። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች፣ የተቀነጠሱበትን ጫፍ እያሸተተች ሁለት መረጠች፤ የእናቷን ዛፍ ፍሬ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ሻጯ ልጅ ሚዛን ላይ አስቀምጣ ዋጋውን ተናገረች። ውድ ነበር። ታኖም ሳይከራከር ከፈለ።

ቤት እንደደረሱ ላማይ አንዱን ሰነጠቀችና ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በእጇ በላች። ቀስ ብላ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ጣቷን እየላሰች በላች። ታኖም ቢላዋ ይዞ ወደ ሁለተኛው ጎንበስ አለ።

«ቆይ» አለችው። ፕላስተሩን አምጥታ ፍሬውን በእሾሁ ላይ ዙሪያውን ጠቀለለችና ፈረመችበት። እስክሪብቶውን ሰጠችው። «አንተም ፈርም። ሦስት ቀን ይቆይ። ዛሬ ከከፈትከው የራበህ ይመስላል።»

ታኖም ፈረመ። በሕይወቱ እሽግ ቀድዶ አያውቅም፤ ይህንንም አልቀደደም። ሽታው በመጀመሪያው ቀን ቤቱን ሞላው፣ በሁለተኛው ጎረቤት አንኳኳ። በሦስተኛው ቀን ማሸጊያውን ፈታው። ውስጡ ሆምጥጦ ውሃ ሆኖ በጣቶቹ መካከል ፈሰሰ።

ላማይ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችው።

«በል ዋጋ ቁረጥለት» አለችው።